አሥራ ሦስት መጋጠሚያ

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲያገኙ እጀታውን ይያዙ፤ ዓይንዎን ጨፍነው አውራ ጣትዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ያስኪዱበት። በደንብ የተሠራ ከሆነ ጣትዎን የሚያደናቅፈው ነገር አይኖርም። ካልሆነ ግን በየአንድ ሳንቲሜትር ከምናምኑ እንደ ክር የቀጠነች ጉብታ ይቆጥራሉ፤ ቡሹ ሰርጎድ ብሏል፣ ማጣበቂያው ብቻውን ቆሞ ቀርቷል። ሲያትል ውስጥ በመኪና ማቆሚያዬ ጥግ የሠራሁት የመጀመሪያው እጀታ እንዲህ ነበር። አሥራ ሦስቱንም ጉብታ አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ።

አሥራ ሦስት የሆኑት በምክንያት ነው። እጀታው ከአንድ ወጥ ቡሽ አይቀረጽም፤ እንደ ዶቃ ከተደረደሩ ቀለበቶች ይሠራል። አንዱ ቀለበት 12.7 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ ስፋቱ 32 ሚሊሜትር ያህል ነው፣ መሐሉ ተበስቷል። አሥራ አራቱ ሲደረደሩ 18 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ በመካከላቸውም አሥራ ሦስት መጋጠሚያ አለ።

ብዙዎቻችን ቡሽን የምናውቀው ከወይን ጠርሙስ አፍ ላይ ነው። የኦክ ዘር የሆነ ዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ ከፖርቱጋል ይመጣል። ዛፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው 25 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ9 ዓመቱ ይላጣል እንጂ አይቆረጥም። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ጥቃቅን ክፍሎች «ሴል» ብሎ የሰየመው ይህንኑ ቡሽ እያየ ነበር። እነዚያ ክፍሎች ዝግ ናቸው፣ በአየር የተሞሉ ናቸው። ቡሽ የሚቀለው፣ በብርድ ጧት እጅ የማያቀዘቅዘው፣ ውሃ የማያስገባው በዚህ ነው። ማጣበቂያን የሚያስቸግረውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ችግሩን በታየበት ቦታ ስለሚፈልገው ነው። ጉብታው የሚታየው በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ስለሆነ ወረቀቱን ይወቅሳል፤ ደጋግሞ ይፈገፍጋል፤ ጉብታው ይብስበታል። ጉብታው የተፈጠረው ግን ከሁለት ቀን በፊት፣ ቀለበቶቹ ሲጣበቁ ነው። የደረቀ ኤፖክሲ ከቡሽ እጅግ ይጠነክራል። ወረቀቱ በጣት ተደግፎ ሲሄድ ለስላሳውን ይበላል፣ ጠንካራውን ይዘለዋል። ስለዚህ ለቀለበቶቹ መጋጠሚያ ኤፖክሲ አልጠቀምም። ውሃ የሚቋቋም የእንጨት ኮላ ይበቃል፤ እሱም በስሱ፣ በሁለቱም ፊት ላይ ተቀብቶ። አንዴ የተበላሸ እጀታ በእጄ ከገባ ግን አዲስ፣ ስለት ያለው ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልዬ እጀታውን ከዳር እስከ ዳር በርዝመቱ እሞርደዋለሁ። እንጨቱ ከጉብታ ወደ ጉብታ ስለሚሻገር ወደ ጉድጓዱ አይገባም።

የእንጨት ኮላም የራሱ አመል አለው። የሚደርቀው ውሃው ሲለቀው ነው፤ ቡሽ ደግሞ ውሃ አያሳልፍም። ዳር ዳሩ በአንድ ሰዓት የደረቀ ይመስላል፣ መሐሉ ግን ገና እርጥብ ነው። በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን እጀታውን ለማለስለስ ቶርኖ ላይ የሰቀለው ሰው ኮላው እንደ ማስቲካ እየተጠቀለለ ወረቀቱን ሲደፍንበት ያያል። ሙሉ 24 ሰዓት ይጠበቅ። በደንብ ደርቆም ቢሆን ቶርኖው በፍጥነት ሲሽከረከር የሚፈጠረው ሙቀት ኮላውን መልሶ ያለሰልሰዋል፤ ፍጥነት መቀነስ፣ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ማንሳት ነው። አረፋ እያወጣ የሚደርቀውን የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ የሚመርጡም አሉ። ለመሞረድ ይቀላል፤ ነገር ግን እያበጠ ቀለበቶቹን ስለሚያራርቅ በደንብ ካልታሰረ መጋጠሚያው ይሰፋል፣ አረፋው ደግሞ ጉልበት የለውም።

ማሰሪያው የብሎን ጥርስ ያለው ቀጭን ብረት ነው። ቀለበቶቹ ይሰኩበታል፣ በሁለቱ ጫፍ ሮንዴላና ዳዶ ይገባል፣ ከዚያ ይጠበቃል። እዚህ ላይ ጉልበት ጠላት ነው። ቡሽ ሲጨመቅ ወደ ጎን ሳያብጥ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ሰው አልጠበቀም ብሎ ሌላ ዙር ይጨምራል። ኮላው ተጨምቆ ያልቃል፣ ዳዶው ሲፈታ ደግሞ ቡሹ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲዘረጋ ባዶ የቀረውን መጋጠሚያ ይገነጥለዋል። ኮላው በዙሪያው እንደ ጤዛ ነጠብጣብ ብቅ ሲል ማቆም ነው። ብረቱ ቀድሞ ሻማ ይቀባል፣ አለዚያ እጀታው እዚያው ይቀራል። እኔ አንዱን በመጋዝ ቆርጬ ነው ያወጣሁት። ሻማው ወደ ቀለበቱ ፊት ከተሻገረ ግን ኮላው አይዝም፤ ስለዚህ ሻማ የነካ እጅ ሳይታጠብ ቀለበት አይነካም።

ቡሽ ቀዳዳ አያጣም። አገር ቤት አናጺ ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ የእንጨት ስንጥቅ ሲደፍን ያየ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል፤ የቡሹን ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መድፈን ነው። ስህተቱ ኮላ ማብዛት ነው። ኮላ የበዛበት ድፍን ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይሰምጣል፣ ከዙሪያው ቡሽ ይልቅ ይጠነክርና እንደገና ጉብታ ይሆናል። ደቃቅ፣ ነጣ ያለ ሰጋቱራ ተመርጦ፣ ኮላው ሰጋቱራውን ለማያያዝ ያህል ብቻ ሆኖ፣ በሁለት ጊዜ ይደፈን። የተረፈው ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ በቡሹ ላይ የደረቀ ኮላ መጨረሻ የሚቀባውን መከላከያ ቅባት አያስገባምና ቦታው ለምጽ መስሎ ይቀራል።

ኤፖክሲ ቦታው እዚህ ነው፤ እጀታውን ከባዶው የካርቦን ዘንግ ጋር ማያያዝ። ዘንጉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ የእጀታው ቀዳዳም በክብ ሞረድ ሲሰፋ እንዲሁ ወደ ጫፉ እንዲጠብ ይደረጋል። በጣም ከጠበበ፣ ሲገፋ ማጣበቂያውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ታች ይወስደዋል። ከሰፋ ደግሞ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ዘንጉ በተወረወረ ቁጥር የሚሰማው ጭርጭርታ ከዚያ ነው። ከተነቀሉ እጀታዎች ብዙ ተምሬአለሁ። ዘንጉ ላይ ምንም ሳይቀር እንደ መስታወት ካበራ፣ ሲሠራ ዘንጉ አልተፋቀም ወይም በእጅ ቅባት ተነክቷል ማለት ነው። የተቦጨቀ ቡሽ ዘንጉ ላይ ከቀረ ግን ማጣበቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ የተሸነፈው ቡሹ ነው።

ኤፖክሲው ሳምንት ሙሉ ከጣት ጋር የሚጣበቅ ከሆነ ልኬቱ ወይም ማዋሃዱ ተዛብቷል። ማጠንከሪያውን ጨመር ቢያደርጉት ቶሎ የሚደርቅ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደርቅም፣ ይደክማል። ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙት አምራቹ ባዘዘው መጠን ነው፤ ጽዋው ዳርና ግርጌው እየተፋቀ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይማሰላል። ብርድም ያታልላል። በሲያትል ክረምት የመኪና ማቆሚያዬ ሲቀዘቅዝ ኤፖክሲው እንደ ማር ይወፍራል፣ አየር ይይዛል፣ ማታ የተለጠፈው ጧትም እርጥብ ነው። አሁን ዘንጉን ሳሎን አስገብቼ አሳድረዋለሁ። ጓንት ደግሞ ግድ ነው፤ ማጠንከሪያው ቆዳን ያስቆጣል፣ አንዴ ያስቆጣው ሰው በቀረው ዕድሜው ሊቸገር ይችላል።

እጀታው ወደ ቦታው ሲገባ እየተሽከረከረ ይገፋ፤ የታመቀ አየር መልሶ እንዳያስወጣው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ወደ ውጭ የወጣው ኤፖክሲ ሳይጠነክር በአልኮል ይጠረጋል።

በማግስቱ እጀታውን ጆሮዬ አጠገብ አድርጌ ዘንጉን አጎብጠዋለሁ። ዝም ካለ መከላከያ ቅባቱን አነሳለሁ። ጭር ካለ ቢላዬን እስላለሁ፤ ዘንጉ ራሱ በኤፖክሲ የተሠራ ስለሆነ በሙቀት ላላቅቀው አልደፍርም። ቡሹን በርዝመቱ ሰንጥቄ አወጣና አሥራ አራት ቀለበት እንደገና እቆጥራለሁ።