ከደንቡ የቀደሙ ግሶች

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ተምሮ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»ን በዜማ ያልሸመደደ የለም ማለት ይቻላል። ቪ ዋን፣ ቪ ቱ፣ ቪ ስሪ እየተባለ በሦስት ረድፍ የሚጻፈው የኢሬጉላር ቨርብ ሰንጠረዥ በፊደል ተራ ከላይ እስከ ታች ይጠናል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «እንዲሁ ነው፣ ያዘው» የሚል ነው። ጥያቄው ግን ጥሩ መልስ አለው። ከእነዚህ ግሶች ብዙዎቹ ደንብ አፍርሰው አያውቁም። እንዲያውም ዛሬ ደንብ ከምንለው ከ«ኢዲ» በዕድሜ ይበልጣሉ፤ የራሳቸው ደንብም ነበራቸው።

«ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ»ን እንውሰድ። ተነባቢዎቹ ካሉበት አልተነቃነቁም፤ ጊዜውን የሚለውጠው መሀል ያለው አናባቢ ነው። «ድሪንክ»፣ «ስዊም» እና «ቢጊን»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ይህ አሠራር ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ ሊሆን አይገባም። «ሰበረ»፣ «ይሰብራል»፣ «ሰባሪ» ስንል ሦስቱ ተነባቢዎች በተራቸው ቆመው አናባቢው ነው የሚመላለሰው። ሁለቱ ቋንቋዎች ግን በዚህ ነገር አይዛመዱም፤ የእንግሊዝኛው ልማድ የመጣው ለላቲን፣ ለግሪክና ለሳንስክሪት ጭምር እናት ከሆነው ጥንታዊ ቋንቋ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር በነበረው እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉት ግሶች በሰባት ምድብ ተከፍለው ይረቡ ነበር። «ድራይቭ፣ ድሮቭ፣ ድሪቨን» ያለ ሰው «ራይድ»ንና «ራይት»ንም እግረ መንገዱን አወቀ ማለት ነው፤ የአንድ ምድብ ልጆች ናቸውና። ሰንጠረዡን በፊደል ተራ ማስጠናት ቤተሰብን በትኖ እያንዳንዱን ለብቻው እንደ ማስተዋወቅ ያለ በደል ይመስለኛል። በየወገናቸው ቢሰባሰቡ ተማሪው ግማሹን ድካም በተገላገለ።

«ኢዲ» ዘግይቶ የመጣ ነው። የተፈጠረው እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች በሚገኙበት የጀርመናዊ ቋንቋዎች ወገን ውስጥ ሲሆን፣ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት መነሻው «አደረገ» የሚለው ግስ፣ ማለትም የዛሬው «ዲድ» ነው ብለው ይገምታሉ። አናባቢ ሳያስለውጥ በማንኛውም ግስ ጫፍ ላይ ስለሚለጠፍ ለእንግዳ ቃል ተስማሚ ሆነ። ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በኋላ ከፈረንሳይኛ የጎረፉት ግሶች በአብዛኛው በዚህ በር ገቡ። ዛሬም «ጉግል» ግስ ሲሆን ኃላፊ ጊዜው ያለ ማንም ምክር «ጉግልድ» ሆኗል።

አንዳንዱ ኢሬጉላር ደግሞ ራሱ የዚህ የአዲሱ ደንብ ልጅ ነው፤ መልኩ ተለውጦ ነው እንጂ። «ኪፕ» በድሮ አጠራሩ ረዘም ባለ ድምፅ «ኬፕ» ይባል ነበር። ኃላፊ ጊዜውን ለማመልከት ጫፉ ላይ ሌላ ተነባቢ ሲጨመርበት አናባቢው አጠረ። ከዚያ ከ15ኛው መቶ ዘመን ገደማ ጀምሮ የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ከቦታቸው ሲፈልሱ ረጅሙ ወደ «ኪ» ሲሸሽ አጭሩ ባለበት ቀረ። «ኬፕት» እና «ስሌፕት» ላይ የምንሰማው ድምፅ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

«ዌንት»ስ? እሱ በትውልዱ የ«ጎ» አይደለም። «ዌንድ» የሚባል ሌላ ግስ ነበረ፤ ትርጉሙም መንገድ ይዞ መሄድ ነው። የ«ጎ» የራሱ ኃላፊ ቅርጽ ሲጠፋ የጎረቤቱን ወሰደ። እኛም «መጣ»፣ «ይመጣል» ብለን ስናዝዝ «ና» ነው የምንለው፤ ሥሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ማንም ግን ግራ አይጋባም።

እንግዲህ አዲሱ ደንብ ይህን ያህል ምቹ ከሆነ አሮጌዎቹን ለምን አልጠረጋቸውም? በ2007 ኤሬዝ ሊበርማን፣ ዣን ባፕቲስት ሚሼልና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት መልሱን በቁጥር አሳየ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ኢሬጉላር ከነበሩት 177 ግሶች በመካከለኛው ዘመን 145ቱ፣ ዛሬ ደግሞ 98ቱ እንደነበሩ ቀርተዋል። የሚወስነው የአጠቃቀም ብዛት ነው፦ 100 እጥፍ ያነሰ የሚነገር ግስ 10 እጥፍ ፈጥኖ ወደ «ኢዲ» ይገባል። በሼክስፒር ዘመን «ሆልፕ» ይባል የነበረው ዛሬ «ሄልፕድ» ሆኗል። በየደቂቃው ከአፍ የሚወጡት «ቢ»፣ «ሃቭ»፣ «ዱ»፣ «ሴይ»፣ «ጎ» ግን አይነኩም፤ ሰው ሁልጊዜ ስለሚሰማቸው ለመርሳት ጊዜ የለውም። በአማርኛም ቢሆን አስቸጋሪዎቹ «ነው»፣ «አለ» እና «የለም» ናቸው፤ ከእነሱ በላይ የምንጠቀምበትስ ምን አለ?

ልጆች የ«ኢዲ»ን ደንብ በራሳቸው ይደርሱበታል። በ1958 ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ትንንሽ ልጆች ሰምተውት የማያውቁት የፈጠራ ግስ ሰጥታ ኃላፊ ጊዜውን ስትጠይቃቸው «ኢዲ»ውን ጨመሩበት። መጀመሪያ «ዌንት» ይል የነበረ ሕፃን ሦስት ዓመት አካባቢ ሲሆነው «ጎድ» ማለት ይጀምራል፤ ቆይቶ ወደ «ዌንት» ይመለሳል። በአሜሪካ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ይህን ሰምተው እንዳይደነግጡ እመክራለሁ። ልጁ ወደኋላ አልሄደም፤ ደንቡን ያገኘው ገና አሁን ነው።

ጉዞው ሁሉ ወደ «ኢዲ» ብቻ ነው ማለትም አይደለም። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ቆፈረ» የሚለው «ዲግድ» ነው፤ ዛሬ «ደግ» ሆኗል። አሜሪካውያን ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ «ሾለከ» ለማለት ከ«ስኒክድ» ጎን «ስነክ»ን አምጥተዋል።

የመንገዱ እንግሊዝኛ ደግሞ ሌላ ነው። በአሜሪካም በብሪታንያም ብዙ ሰው «አይ ሶው ኢት» በማለት ፈንታ «አይ ሲን ኢት» ይላል፤ «አይ ደን ኢት»ም እንዲሁ። ይህ ቪ ቱንና ቪ ስሪን አንድ የማድረግ አሮጌ ዝንባሌ ነው። በ1762 የሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመው ሮበርት ሎውዝ «ሃቭ ሪተን» ማለት ሲገባቸው «ሃቭ ሮት» የሚሉትን ስመ ጥር ጸሐፊዎች ሳይቀር ነቅፏል። ስለዚህ እንዲህ የሚናገረውን ያልተማረ ብሎ መናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ፈተና ላይና የሥራ ማመልከቻ ላይ ግን «ሶው» ነው የሚጻፈው፤ በዚህ አልደራደርም። የ«ጌት» ቪ ስሪ ሆኖ የሚሰማው «ጎትን» ሌላ ጉዳይ ነው። በብሪታንያ መጻሕፍት ተምሮ አሜሪካ የገባ ሰው ስህተት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን አሜሪካውያን የያዙት፣ ብሪታንያውያን በአብዛኛው የተዉትን ጥንታዊውን ቅርጽ ነው፤ በአሜሪካ ደብዳቤም ጋዜጣም ላይ ያለ ስጋት ይጻፋል።