ርችት ሲተኮስ ውሻዎ የት ነው?

ጁላይ 4 የአሜሪካ የነፃነት በዓል ነው። በዓሉ በርችት መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1777 በፊላደልፊያ ሲሆን፣ ዛሬም በየዓመቱ ምሽቱ በርችት ይደምቃል። ለእኛ መዝናኛ የሆነው ይህ ምሽት ለውሻ ግን የጭንቅ ሌሊት ነው። ደንግጦ አጥር የሚዘልና መንገድ ላይ የሚቀር ጥቂት አይደለም፤ የበዓሉ ማግስት ለእንስሳት መጠለያዎች ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው።

አገር ቤት የውሻ ቦታው ግቢ፣ ሥራውም ጥበቃ ነው። እዚህ ግን ልጆቻችን ለምነው ያስገቡት ውሻ ሳሎን ተቀምጦ ቤተሰብ ሆኗል። የጠፋ እንደሆነ የሚያለቅሱት እነሱ ናቸው።

ፍርሃቱ ቅንጦት አይደለም። የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ሲያበቃ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። ፍንዳታው ከምን እንደመጣና መቼ እንደሚያበቃም አያውቅም። ስለዚህ ይንቀጠቀጣል፣ ያለከልካል፣ አልጋ ሥር ይገባል። ተኩስ በበዛበት ከተማ ያደርን ሰዎች ይህን ለመረዳት አስረጂ አያሻንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በቀን ብርሃን በደንብ ያንሸራሽሩት፤ ሳይመሽም ያስገቡት። ከመንገድ ራቅ ያለ ክፍል መርጠው መጋረጃውን ይዝጉ፤ ቴሌቪዥን ወይም ሬዲዮ ይክፈቱለት። ከተደበቀ ጎትተው አያውጡት፤ አይቆጡትም። «ካባበሉት ይብስበታል» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማሻሸት አይጎዳውም። በዓል ነውና እንግዳ ይበዛል፤ በር በተከፈተ ቁጥር ሾልኮ እንዳይወጣ አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን።

የሰው ማስታገሻ ክኒን በፍጹም አይስጡት። አንዳንድ ማደንዘዣም አካሉን ያፈዘዋል እንጂ ፍርሃቱን አያስወግድለትም። በጣም ለሚሸበር ውሻ የሚሆን፣ በድድ ላይ የሚቀባ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን የእንስሳት ሐኪም ማዘዝ ስላለበት ከበዓሉ ቀደም ብለው ያማክሩ።

ከሁሉም በላይ አድራሻውን ያጣሩ። ከቆዳው ሥር የሚቀበረው የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክሮቺፕ ውሻው ያለበትን ቦታ አትጠቁምም፤ የያዘችው ቁጥር ብቻ ነው። በቁጥሩ የተመዘገበው ስልክ አሮጌ ከሆነ የሚደወልልዎ የለም። እኛ ደግሞ ቤትና ስልክ ቶሎ ቶሎ የምንቀይር ሰዎች ነን። ስለዚህ ዛሬውኑ መዝጋቢው ድርጅት ደውለው ያስተካክሉ፤ በአንገቱ ማሰሪያም ላይ ስልክዎን ይጻፉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከጠፋ ፎቶግራፉን ይዘው ሳይውሉ ሳያድሩ በአካባቢዎ ወዳሉት መጠለያዎች በአካል ይሂዱ። ካልጠፋም በማግስቱ ጠዋት ከመልቀቅዎ በፊት ግቢውን ይጥረጉ፤ የርችት ቁራጭ ከበላ ይመረዛል።