የምድር ዘይትና የኦይል ክሪክ ገጠር

ሀብትን ከማግኘት ይልቅ ያገኙትን ሀብት አጽንቶ መያዝ እንደሚከብድ አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህም በሰሜን አሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት የሚገኘው የኦይል ክሪክ ወንዝ አገር ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

ይህ ሸለቆ ጥቂት ገበሬዎችና እንጨት ቈራጮች የሚኖሩበት ገጠር ነበር። በወንዙ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት የሴኔካ ነገድ ሰዎች በብርድ ልብስ እየነከሩና እየጨመቁ ለመድኃኒት ያደርጉት ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1855 ዓ.ም. ሲሊማን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ዘይቱን መርምሮ መልካም የመብራት ላምባ እንደሚወጣው ገለጸ። በዚያን ዘመን ለመብራት የሚነደው የዓሣ ነባሪ ዘይት ውድ ነበርና ባለገንዘቦች ማኅበር አቁመው ኤድዊን ድሬክ የተባለውን የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ ወደ ታይተስቪል መንደር ላኩት። ጕድጓዱ እየተናደ ውሃም እየሞላው ቢያስቸግረው ድሬክ የብረት ቧንቧ እየመታ እስከ ዐለቱ አስገባና መሰርሰሪያውን በዚያ ውስጥ አወረደ። የአገሩ ሰው ሲሥቅበት ሳለ፥ በኦገስት 27 ቀን 1859 ዓ.ም. 21 ሜትር ያህል በሚጠልቀው ጕድጓድ ውስጥ ዘይቱ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ወደ ሸለቆው ጐረፈ። ከመሬት በታች ያለው ዘይት ቀድሞ ላወጣው ሰው ይሆን ስለ ነበር፥ ሁሉም ጎረቤቱ ሳይቀድመው ለመቅዳት ተሽቀዳደመ። በዚህም ምክንያት በ1861 ዓ.ም. መጀመሪያ 10 ዶላር ያህል ያወጣ የነበረው በርሜል ዘይት ዓመቱ ሲያልቅ በ10 ሳንቲም ተሸጠ፤ ባዶው በርሜል እንኳ ከዘይቱ ይበልጥ ይወደድ ነበር። በ1865 ዓ.ም. ፒትሆል በሚባለው የእርሻ ቦታ ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ 15 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርበት ከተማ ተሠራ። ነገር ግን ጕድጓዶቹ ሲደርቁና እሳት ቤቶቹን ሲበላ ሕዝቡ ተበተነ፤ በ1870 ዓ.ም. የቀረው ነዋሪ 300 እንኳ አይሞላም ነበር።

በዚያው በ1870 ዓ.ም. ጆን ሮክፌለር በክሊቭላንድ ከተማ የስታንዳርድ ኦይልን ኩባንያ አቆመ። እርሱ ጕድጓድ ለመቈፈር ሳይሆን ማጣሪያውንና ማመላለሻውን ለመያዝ አሰበ። በ1872 ዓ.ም. የባቡር ኩባንያዎችና ጥቂት አጣሪዎች በምስጢር ተዋውለው የሌላውን ሰው ጭነት ዋጋ ሊያስወድዱ ባሰቡ ጊዜ፥ የሸለቆው ዘይት አውጪዎች ባንድነት ተነሥተው ዘይታችንን አንሸጥም አሉ፤ ውሉም ፈረሰ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በዚህ ታየ። ነገር ግን ኅብረታቸው አልጸናም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ብቻ ወደ መቅዳት ተመለሰ። ዐሥር ዓመትም ሳይሞላ ከአሜሪካ ማጣሪያዎች ከመቶው 90 ያህሉ በአንድ ኩባንያ እጅ ገባ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው እንዲከፋፈል የፈረደው በ1911 ዓ.ም. ነው።

ድሬክም ብልሃቱን በስሙ ሳያስመዘግብ ቀርቶ ደኸየ። በ1873 ዓ.ም. የፔንሲልቬንያ መንግሥት በየዓመቱ 1,500 ዶላር ቈረጠለት፤ በ1880 ዓ.ም. ሞተ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ሀብት በምድር ውስጥ መገኘቱ ብቻ የባላገሩን ኑሮ እንደማያሻሽል ነው። አወጣጡ በልክ፥ ማመላለሻው በባላገሩ ኅብረት እጅ፥ ሕጉም ከመቈፈሪያው አስቀድሞ ሲሆን ግን ጕድጓዱ ከደረቀ በኋላም ለልጅ የሚተርፍ ጥሪት ይገኝበታል።