ገንፎው አራስ እስክትሆን ለምን ይጠብቃል?

በአገራችን አራስ ትከበራለች። ገንፎው በቅቤ ይቀርብላታል፣ አጥሚቱ በትኩሱ ይሰጣታል፣ ሥራ እንዳትነካም ትከለከላለች። ደግ ልማድ ነው። የሚገርመኝ ግን ያቺው ሴት ሳትወልድ በፊት፣ ሆዷ ገፍቶ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም ከርማ፣ ገበታ ላይ ሁሉም ከበላ በኋላ የቀረውን የምትቀምስ መሆኗ ነው።

በገጠር ብዙዋ ሴት ወደ እርግዝና የምትገባው ከስታ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 100 ሴቶች 22ቱ ክብደታቸው ለቁመታቸው የማይበቃ ነበር። እንዲህ ያለች እናት ፅንሱን የምትመግበው ከራሷ አካል እየቀነሰች ነው። ደም ካነሳት በወሊድ ጊዜ የሚፈሳትን ደም የመቋቋም አቅሟ ይደክማል፤ ልጁም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

ችግሩ ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእናንተ አልጽፍም ነበር። በሥራ ዘመኔ ከአማቶች ደጋግሜ የሰማሁት፣ «ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናባታል» የሚለውን ነው። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። መንገድና ጤና ጣቢያ ባልነበረበት ዘመን በምጥ የሞተች ልጅ ያልቀበረ መንደር የት አለ? ነገር ግን ምጥ ከሚያጠኑት ነገሮች ዋናዎቹ የዳሌ አጥንት ጥበትና የሕፃኑ አመጣጥ ናቸው። ዳሌዋን ካጠበቡት ነገሮች አንዱ ደግሞ እሷ ራሷ በልጅነቷ ሳትጠግብ ማደጓ ነው! ለሚያሰጋ ምጥ መፍትሔው ጤና ተቋም መውለድ ነው፤ የተራበች ሴት ለማማጥም ጉልበት የላትም።

ወተት፣ ተልባና ሙዝ የሚከለከሉበትም ምክንያት አለ፤ «ልጁ ላይ ይለጠፋል» ይባላል። ሕፃኑ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ግን በማሕፀን ውስጥ ቆዳውን የሚጠብቅለት የተፈጥሮ ቅባት ነው፤ ከምግብ የመጣ አይደለም።

ነፍሰ ጡር ከወትሮው አንድ ገበታ መጨመር ይኖርባታል። የግድ ሥጋ አይደለም፤ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ንፍሮው ይበቃል፤ ከተገኘም ወደ ገበያ ከሚሄደው እንቁላል ጥቂቱ እቤት ይቅር። ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ ይጠጣ፤ አይረን ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ያግዳሉና። ጤና ጣቢያ የሚሰጣት የአይረን ክኒን ሰገራ ያጠቁራል፤ ብዙዎቹ በዚህ ደንግጠው ያቆሙታል። ጉዳት የለውም፣ ትቀጥል።

የጾሙ ነገር ስስ ነው። እስልምና ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለፅንሷ ከሰጋች ጾሙን እንድታቆየው ይፈቅዳል፤ ኦርቶዶክሷም ንስሐ አባቷን ታማክር። ብዙ ጊዜ የሚከብዳት የጎረቤት አፍ ነው። አማት ቀድማ «ልጄ፣ ብዪ» ካለቻት ግን ማን ይናገራታል?

ገጠር ምራት ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ፣ ስትደውሉ «ክንድሽን ተለካሽ ወይ?» በሏት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መለኪያው አላት። የላይኛው ክንዷ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ተጎድታለች ማለት ነውና፣ ወሯ እስኪገፋ ሳትጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ባሏም አብሯት ቢሄድ፣ የሚባለውን በጆሮው ይሰማል።