ተጨማሪ መረጃ፦ በጥቅሻ የተጻፈ መጽሐፍ

ዣን-ዶሚኒክ ቦቢ በፈረንሳይ የ«ኤል» መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበር። በዲሴምበር 1995 (እ.ኤ.አ.)፣ በ43 ዓመቱ፣ ስትሮክ መታው። ከሰመመን ሲነቃ አእምሮው እንደ ቀድሞው ያስባል፤ ነገር ግን መናገርም ሆነ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ አይችልም። እንደ ልቡ የሚያዘው በዋናነት የግራ ዐይኑን ቆብ ነበር። ሕክምናው ይህን ሁኔታ «ሎክድ-ኢን ሲንድሮም» ይለዋል።

መግባቢያው እንዲህ ነበር፦ በፈረንሳይኛ ይበልጥ የሚዘወተሩት ፊደላት ቀድመው ይደረደራሉ፤ አጠገቡ ያለው ሰው በየተራ ይጠራቸዋል፤ ቦቢ የሚፈልገው ፊደል ሲደርስ ይጠቅሳል። ክሎድ ማንዲቢል የተባለች ረዳት በዚህ መንገድ ፊደል በፊደል እየተቀበለች ሙሉ መጽሐፍ ጻፈችለት። መጽሐፉ በማርች 1997 ታተመ፤ ቦቢም በዚያው ወር ዐረፈ።

በመጽሐፉ እንደተረከው፣ አንድ ቀን መነጽሩን መጠየቅ ጀመረ። በፈረንሳይኛ «መነጽር» የሚለው ቃል የሚጀምረው «ጨረቃ» በሚለው ቃል ፊደላት ነውና፣ ሳይጨርስ «ጨረቃ ምን ያደርግልሃል?» ተባለ። ቸኩሎ መገመት፣ በቅንነት ቢሆንም፣ የታማሚውን ሐሳብ ይነጥቃል።

መናገር የማይችል ሰው ስትንከባከቡ፦
• «አዎ» እና «አይደለም» የሚባልበትን ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤
• አስታማሚውን ሳይሆን ራሱን ጠይቁ፤
• ከማንሳታችሁ ወይም ከማጠባችሁ በፊት ንገሩት፤
• ሐሳቡን እስኪጨርስ ታገሡ።

አካሉን የምናገለግለው ሰው በራሱ ጉዳይ ወሳኙ እሱ ነው።