የደጃፋችን እንቅፋት ማን ይጠየቅበታል?



ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዲላ ከተማ በምናስተምርበት ክፍል አንድ መቀመጫ ባዶ ሆነ። ተማሪዋ ከትምህርት ቀርታ የማታውቅ ናት። ሳምንት ጠብቀን ሰው ብንልክ እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው መሰበሩን ሰማን። ልንጠይቃቸው ቤታቸው ስንሄድ እናታችን አልጋ ላይ ሆነው «አልሐምዱ ሊላህ፣ የአላህ ቀደር ነው» አሉን። ልጅቱ ግን ቡና እያቀረበች ቀስ ብላ «ቲቸር፣ ቀደርማ ነው፤ ብረቱ ግን እስካሁን እዚያው ነው» አለችን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይህ አነጋገሯ ነው።

ብረቱ ምንድን ነው? እናታችን ለረመዳን ዘይትና ቴምር ሊገዙ ከአንድ የጅምላ መደብር ደጃፍ ከባጃጅ ይወርዳሉ። በደጃፉ አይሱዙውም፣ ባጃጁም፣ የደንበኛ መኪናም የሚቆምበት ሰፊ ግቢ አለ። ቀድሞ በግቢው መካከል የጥላ ማቆሚያ የብረት ቱቦ ነበረ። መኪና ማቆሚያው ይስፋ ተብሎ ቱቦው ተቆረጠ፤ ነገር ግን ከመሬት እኩል ስላልተቆረጠ አራት ጣት የሚያህል ጉቶ ቀረ። መብራት በጠፋበት ምሽት ያ ጉቶ የእናታችንን እግር ያዘው። ሰዉ «እኔን! እኔን!» እያለ አነሳቸው። በነጋታው እዚያው ላይ ሌላ መኪና ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ሰው እንቅፋት ሲመታው «እኔን» ማለታችን መልካም ልማድ ነው፤ ርኅራኄያችንን ያሳያል። ግን «እኔን» ብለን ድንጋዩን እዚያው ትተነው እንሄዳለን። ከእኛ ቀጥሎ የሚመጣውም «እኔን» ይባላል።

እናታችን በዲላ ከታዩ በኋላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ሐዋሳ ተላኩ። የመኪናው፣ የሕክምናውና የመድኃኒቱ ወጪ አንድ ላይ ሲደመር ቤተሰቡ የነበረችውን ሁሉ አሟጠጠች። ልጅቱ ሁለት ወር ሙሉ አስታማሚ ሆና ከትምህርት ቀረች። እናታችን ዛሬም ሶላታቸውን የሚሰግዱት ተቀምጠው ነው። መውደቅ ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም ከ80 በመቶ የሚበልጡት እንደ እኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች እንደሆነ ገልጿል።

የመደብሩ ባለቤት ሐጂ ናቸው። ስማቸውን አናነሳም፤ ደግ ሰው ናቸው። ስኳርና ዱቄት አስጭነው ሦስት ጊዜ መጥተው ጠይቀዋቸዋል። ካሣ የሚለው ቃል ሲነሳ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ አልገፋኋቸው፣ መኪናዬም አልነካቸው፤ አላህ የጻፈውን እኔ እንዴት እጠየቅበታለሁ?» አሉ። ብዙዎቻችን በሳቸው ቦታ ብንሆን ከዚህ የተለየ አንልም ነበር።

ኪታቡ ምን ይላል?

እምነት ብዙ ቅርንጫፎች እንዳሉት፣ ዝቅተኛውም ሰውን የሚያስቸግርን ነገር ከመንገድ ማስወገድ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን በመድረሳ ያልሰማ ልጅ የለም። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሰደቃ ብቻ ነው የምናየው፤ ያነሳ ምንዳ ያገኛል፣ ያላነሳም ምንዳው ያመልጠዋል ብለን እናልፋለን። የፊቅህ ሊቃውንት ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። የወሎ ደረሳ የሚቀራውን ሚንሃጅን ብንገልጥ፣ በ676 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ በደም ካሣ ምዕራፍ ውስጥ ስለ መንገድና ስለ ደጃፍ በሰፊው ሲናገሩ እናገኛለን። ቆሻሻና የሐብሐብ ልጣጭ መንገድ ላይ የጣለ ሰው፣ በዚያ ሳቢያ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። (የሙዝ ልጣጫችንን ከባጃጅ መስኮት የምንወረውር ሰዎች ይህን ልብ እንበል።) የጣሪያ ውኃ መውረጃን ወደ መንገድ ማውጣት የተፈቀደ ነው፤ ወድቆ ጉዳት ቢያደርስ ግን ባለቤቱ ይጠየቃል። ስለዚህ የተፈቀደን ነገር መሥራት ብቻውን ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣም።

ለእኛ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ሰው በገዛ ይዞታው ጉድጓድ ቢቆፍርና ሌላው ሳይጠራ ገብቶ ቢወድቅ ባለይዞታው አይጠየቅም። ነገር ግን በቤቱ መግቢያ ላይ ቆፍሮ፣ እንግዳ ጠርቶ፣ እንግዳውም ጉድጓዱን ሳያውቅ ቢወድቅ፣ በመዝሀቡ ጎልቶ በወጣው አስተያየት ተጠያቂ ነው። ልዩነቱ ጥሪው ነው። በሩን ከፍቶ፣ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ መኪና ማቆሚያ አዘጋጅቶ «ኑ ግዙ» የሚል ነጋዴ እንግዳ ጠሪ አይደለምን?

የአገራችን ሕግስ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። ጥፋት ሲባል ሆን ብሎ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። ቁጥር 2077 ደግሞ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን፣ ያልታሰበ ነገር ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ክፍት የመኪና ማቆሚያ ከሕንፃው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን ለዳኞች እንተወው። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሣው በዚያው መጠን ይቀንሳል። የሕሊና ጉዳት ካሣ ጣሪያው በሕጉ 1,000 ብር ብቻ ነው፤ ይህ ገንዘብ ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቀዋል። የሕክምና ወጪና የቀረ ገቢ ግን ይህ ጣሪያ አይመለከተውም። ክስ የሚቀርበውም በመሠረቱ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ «ይሉኝታ ይዞኝ» እያሉ ጊዜውን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው።

ባለመኪናዎች የምንገባው የግዴታ የሦስተኛ ወገን መድን መኪና ለሚያደርሰው አደጋ ነው፤ በብረት ጉቶ ተደናቅፎ ለወደቀ አይደርስም። «ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚለውን ሰሌዳ በተመለከተ ደግሞ፣ ሰሌዳ ጉድጓድ አይደፍንም ከማለት በቀር የምንጨምረው የለም።

ግቢዎቻችንን እንያቸው

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። በቡና ወቅት ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎና ከኮቸሬ የሚመጣው ጭነት ግቢውን ሁሉ ይሞላዋል። ከምሥራቁ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ቀዩን አፈር እየጠረገ ትናንት ደልዳላ የነበረውን ቦታ ዛሬ ጉድጓድ ያደርገዋል። ቀይ አፈሩ ሲረጥብ ራሱ እንቅፋት ነው፤ በላዩ ገመድ፣ የተጣለ ጆንያና የፌሮ ጫፍ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ከሁሉ የሚከፋው ታኮው ነው። ሾፌሩ ዳገት ላይ ሲያቆም ለጎማው ድንጋይ ያስደግፋል፤ ሲነሳ ድንጋዩን እዚያው ትቶ ይሄዳል። ማታ ሌላ መኪና፣ ሌላ ድንጋይ። ዘበኛው «የኔ ሥራ ሌባ መጠበቅ ነው» ይላል፣ ባለቤቱም የሾፌሩ ነው ይላል፣ ሾፌሩ ደግሞ ያን ጊዜ ሻሸመኔን አልፏል። እንጨት ታኮ በገመድ አስሮ ለሾፌር ማዋስና ሲወጣ መቀበል ይህን ሁሉ ይገላግላል።

ሌላውም ከአቅም በላይ አይደለም። ዘበኛው በየጠዋቱ፣ በተለይም ዝናብ ባደረ ቁጥር፣ ግቢውን አንድ ጊዜ ይዙር። ወዲያው የማይጠገነውን በኖራ ያክብበው። ጉድጓድ በልቅ አሸዋ አይደፈንም፤ የሚቀጥለው ዝናብ ያጥበዋል፤ ጠጠር ባለው አፈር ተሞልቶ ይጠቅጠቅ። የቦይ ክዳን የበሰበሰ ሳንቃ ሳይሆን የብረት ፍርግርግ ይሁን። እግረኛው ከበር እስከ መደብሩ የሚሄድበት መስመር ለብቻው ይለይ፣ መኪናም አይቁምበት። መብራት ሲጠፋ የሚበራ በባትሪ የሚሠራ አምፑል በሩ ላይ ይኑር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተከትሎ በተደነገገው መለኪያ፣ ሰው በሚሄድበት ወለል ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከፍታ ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲበልጥ አይፈቀድም። የእናታችን ጉቶ ከዚህ አሥር እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ሐጂ በመጨረሻ ለሽምግልና ተቀመጡ። ኡስታዙ ብዙ አልተናገሩም። «ሐጂ፣ ብረቱን ማን አስቆረጠው?» አሏቸው። «እኔ ነኝ» አሉ። «ደንበኛውንስ ማን ጠራው?» ሐጂ ዝም ብለው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ በኋላ ሰደቃ የሚለው ቃል ቀረና ሐቅ በሚለው ተነጋገሩ። የሕክምናውንና የመጓጓዣውን ሙሉ ወጪ፣ እንዲሁም ልጅቱ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ለአስታማሚ የሚከፈለውን ለመክፈል ተስማሙ። የቀረውን ቤተሰቡ ዐፉ አለ። በማግስቱ በያጁ ግራይንደሩን ይዞ መጣና ጉቶውን ከመሬት እኩል ቆረጠው። ሥራው ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ይህን ስንጽፍ የራሳችን ነገር ከነከነን። በምናስተምርበት መድረሳ በር ላይ ያለው ቦይ ክዳኑ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሕፃናቱ እየዘለሉት ይገባሉ፤ እኛም ዘለን ገብተን እንቅፋት ስለማንሳት እናስተምራለን። ለፍርግርጉ ከሚያስፈልገው ገንዘብ ግማሹ ከወላጆች ተዋጥቷል። እስኪሞላ ድረስ በኖራ የተቀባ በርሜል አቁመንበታል።