ቢጫው ላይ ምን ይደረግ?

ከትራፊክ መብራት ጋር የሚነጋገር መኪና አለ ሲባል የሚስቁ አሉ። ነገሩ ግን ተራ የሬዲዮ ሥራ ነው። የመብራቱ መቆጣጠሪያ «አሁን አረንጓዴ ነኝ፣ ይህን ያህል ሴኮንድ ቀርቶኛል» የሚል መልእክት በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ያሰራጫል፤ መኪናው ተቀብሎ ለሾፌሩ ያሳያል። በሞባይል ኔትወርክም ይሠራል፤ አውዲ በ2016 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ላይ የጀመረው በዚያ መንገድ ነው።

እኔ የምወድለት ቢጫው ላይ የሚሠራውን ነው። ቢጫ ሲበራ መቆምም ማለፍም የማይቻልበት ቦታ መኖሩን ብዙ ሾፌር አያውቅም። የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎቹ ጋዚስ፣ ኸርማንና ማራዱዲን በ1960 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አሳይተውታል። እኛም እናስላው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቢጫው 3 ሴኮንድ ቢቆይ፣ ቀዩ እስኪበራ 42 ሜትር ይጓዛል። ልቁም ካለ ደግሞ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ፣ ማለትም 14 ሜትር ያልፈዋል፤ ተሳፋሪ ሳያንገላታ ለመቆም ሌላ 32 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 46። እንግዲህ ከመስመሩ 44 ሜትር ላይ ሳለ ቢጫ የበራበት ሰው ምን ያድርግ? ጨዋ ሾፌር ቢሆንም ወይ ቀይ ይጥሳል ወይ ጎማ ያስጮኻል።

ይህ እንግዲህ ሜዳ ላይ ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትለቃላችሁ። 6 በመቶ በሆነ ቁልቁለት ላይ ያው መኪና ለመቆም 54 ሜትር ይፈልጋል፤ የ4 ሜትሯ ወጥመድ 12 ሆነች ማለት ነው። ጭነትና የጋለ ፍሬን ሲጨመርበትማ ተዉት። ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ያገኘኋቸው አንድ አንጋፋ የተሳቢ ሾፌር፣ «ልጄ፣ ሐረጎን በወጣህበት ማርሽ ውረድ። በፍሬን የወረደ፣ ፍሬኑን የሚፈልገው ታች ሲደርስ ነው፤ ያኔ ደግሞ የለም» ብለውኛል።

የሚነጋገረው መብራት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከባድ መኪና 50 ሜትር ላይ እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚመጣ ከመኪናው ሬዲዮ ስለሚያውቅ፣ እስኪያልፍ ድረስ አረንጓዴውን ጥቂት ሴኮንድ ማቆየት ይችላል። ወይም ገና ከሩቁ «አትደርስም፣ ነዳጁን ልቀቅ» ይለዋል።

«ልቀቅ» ማለቱን አስምሩበት። ብዙ ሰው መሣሪያው ቀዩን ለመቅደም የተሠራ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ሴኮንድ የሚቆጥሩት መብራቶች ሥር ቁሙና እዩ፦ 3 ሲል ቤንዚን የሚረግጠው ይበዛል ወይስ ፍሬን የሚይዘው? ቁጥሩ የተሰቀለው ለኋለኛው ነበር።

ደሴ ፒያሳ ላይ ደግሞ መነጋገሪያው ፍሬቻ ነው፤ ከመኪናው ጋር ተገጥሞ የመጣ፣ ተጨማሪ ሳንቲም የማይጠይቅ። እሱን ግን ከታጠፉ በኋላ የሚያበሩት ስንት ናቸው! ረጅም መብራት ብልጭ ሲልም አንዱ «እለፍ» ሲለው ሌላው «መጣሁ፣ ቁም» ብሎ ይረዳዋል። ሬዲዮው ቢያንስ ከዚህ ዓይነት አሻሚነት ነፃ ነው።

ጉድለቱ ሬዲዮ ያልያዘውን አለማወቁ ነው፦ ጋሪውን፣ አሮጌውን ባጃጅ፣ እግረኛውን። ለነሱ ካሜራ ወይም አስፋልት ውስጥ የሚቀበር ሽቦ ያስፈልጋል፤ ለእግረኛው ደግሞ ሽቦውም አይረዳም። በኔ ቢሆን ሬዲዮው መጀመሪያ የሚገጠመው ለቅንጦት መኪና ሳይሆን ከጅቡቲ ጭኖ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ለሚገባው ተሳቢ ነው።